በብስክሌት ላይ ሰላምታ

እናቴ ገንፎዋን በግራ እጇ ስትበላ ደረስኩ። በልጅነቴ ግራ እጄን ወደ ሳህኑ በሰደድኩ ቁጥር በማማሰያ እየነረተች ያሳደገችኝ ሴት፣ ዛሬ በገዛ ግቢዋ፣ ማንጎው ሥር፣ በልጇና በምራቷ ፊት፣ በግራ እጇ ገንፎ እየቆረሰች ባሚያው ውስጥ እየነከረች ትውጣለች። ወንድሜ ራስማኔ ዓይኑን ሳህኑ ላይ ተክሎ ያኝካል። ሚስቱ የሕፃኑን አፍንጫ ትጠርጋለች፤ የጠረገችውን ደግማ ትጠርጋለች። እኔም የገዛሁላትን ዳቦ እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። "ቀኝ እጅሽስ እማዬ?" አልኳት። እጇን ሽርጧ ውስጥ እንደሸሸገች "ተኝቷል" አለችኝ። ራስማኔ ፈገግ አለ። እኔ ጎንበስ ብዬ ሽርጡን ገለጥኩት።

እጅ አይባልም። አንጓዋ አብጦ ከክንዷ ጋር አንድ ሆኗል፤ ጣቶቿ ተነፋፍተው ቆዳቸው ያብረቀርቃል፤ ከአውራ ጣቷ በታች ያለው እንደ በሰለ አጋም ጠቁሯል። ከሺያ ዛፍ ፍሬ የሚወጣውን ቅቤ እየመታ እኛን ያሳደገው ይሄ እጅ ነው። ሰፈሩ ውስጥ በእጅ የተመታ ቅቤ የፈለገ ሰው እስካሁን የሚያንኳኳው የእሷን በር ነው፤ ማሽን ያወጣውን ቅቤ "ሳሙና" ነው የምትለው። ትናንት "ትንሽ ተላልጧል" ብላኝ፣ እኔ ጅሏ አምኜ ሄድኩ። የጎረቤታችን የእጅ አንጓ እንዲህ ተሰብሮ፣ "ይሻለኛል" እያለች ከርማ፣ ተጣሞ ገጥሞ፣ ዛሬ ሴትዮዋ መርፌ እንኳን መያዝ አትችልም። እናቴ ያለ እጇ ምንድን ናት? ቁጭ ብላ የምትጦር ሰው ናት። ያንን ቀን ከሞት እንደምትፈራው አውቃለሁ።

"ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ትሄጃለሽ!"

"አልሄድም።"

"ለምን ብለሽ?"

"ማን ገጨሽ ይሉኛላ! ምን ልበላቸው? ሳሞ ገጨኝ ልበል? ሰው ሳሞን ይከሳል እንዴ? ኧረ ልጄ፣ በስተርጅና አታዋርጂኝ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ከትናንት በስቲያ እናቴ ከገበያ ትመለሳለች። የእግረኛውን መንገድ ሶፋ ሻጮች የገዛ ሳሎናቸው አድርገውታልና እንደ ማንኛችንም ወርዳ በብስክሌት መንገዱ ዳር ዳር ትሄዳለች። ከኋላዋ ደወል ሰማች። በዋጋዱጉ ደወል የሰማ እግረኛ ባለበት ቀጥ ይላል፤ ወዲህ ወዲያ ማለት የለም፤ ማለፊያውን የሚመርጠው ባለ ብስክሌቱ ነው። ይሄን ሕግ ያስተማረን የለም፣ ከጡት ጋር ነው የጠባነው። እናቴ ቀጥ አለች። ባለ ብስክሌቱን ግን በዚያችው ቅጽበት አንድ የሚያውቀው ሰው ከማዶ ሰላም አለው። ሰላምታ ደግሞ እኛ ዘንድ "ደህና ነህ፣ ደህና" ተብሎ አያልቅም። ቤቱ ይጠየቃል፣ ልጆቹ ይጠየቃሉ፣ ሥራው፣ ሙቀቱ፣ አገር ቤት ያሉት ይጠየቃሉ፤ ለያንዳንዱ መልስ አለው፤ ፊት ሳያዞሩ መመለስ ደግሞ ከስድብ ይቆጠራል። ሰውየው ታዲያ አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ፣ የልጆቹን ጤንነት በዝርዝር እያስረዳ፣ ከነጅግራዎቹ እናቴ ላይ ወጣባት። ጅግራ ነጋዴ ነው። እናቴ ስትወድቅ በቀኝ እጇ መሬቱን ተመረኮዘች።

እስከዚህ ድረስ በማንም የሚደርስ ነው። ጉዱ የመጣው በኋላ ነው። ሰውየው አቧራውን አራግፎ ሲነሳ ጉንጯ ላይ ያለውን የሞሲዎችን የጎሳ ጠባሳ አየ። "አንቺ ሎሌ! ጌታሽ ሲመጣ መንገድ አትለቂም?" አላት። እናቴ መሬት ላይ እንደተቀመጠች "አንተ ውሻ በላ! ሳሞ መሆንህን ባነዳድህ አውቄዋለሁ" አለችው። መንገዱ በሳቅ አለቀ። እኛ ሞሲዎችና እነሱ ሳሞዎች ከጥንት ጀምሮ የቀልድ ዘመዳሞች ነን፤ እኛ እነሱን ሎሌ እንላለን፣ እነሱ እኛን ሎሌ ይላሉ፤ መሳደብ ወግ ነው፣ መቆጣት ግን ነውር ነው፤ የተቆጣ አይቀናውም። ፓሬ የሚባለው ይሄ ሳሞ ቀዝቃዛ የማሽላ መጠጥ ገዝቶ አጠጥቷት፣ "ለዛሬ ምሬሻለሁ" ብሏት፣ ጅግራዎቹን ሰብስቦ ሄደ። እናቴ ይሄን ስትነግረኝ እንደገና ሳቀች፤ ስትስቅ እጇ ተነቃነቀና ከንፈሯን ነከሰች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እኛ ቤት ግን የረሳችው የተወጋችዋ ናት!

ወደ ራስማኔ ዞርኩ። "አንተስ? አብረሃት እያደርክ ዓይን የለህም?" አልኩት። "ሳሞ ነው እኮ" አለኝ፣ ይሄ መልስ ይመስል። ከዚያ እጁን ታጠበ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ ወጣ። ያው በብስክሌት መንገድ ላይ ሽው ሊል ነው፤ የሞተር መንገድ አቧራው ይበዛል ይላል። ምራታችን ሳህኑን አነሳች። እናቴ ግራ እጇን ታጥባ ሽርጧን መልሳ አለበሰችው። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ "ለልጆችሽ ስትይ" አልኳት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። ያ ሰውዬ ራሱ መጥቶ፣ ቀልዱን ትቶ፣ እንደ ሰው ይቅርታ ካልጠየቃት በቀር ይህች ሴት ጉዳቱን ጉዳት አትለውም፣ ሐኪም ቤትም አትሄድም። የልብስ ስፌት ሱቄን ሳልከፍት ፍለጋ ወጣሁ።

መንገዱን እንኳን ባላነሳው ይሻል ነበር። የእግረኛው መንገድ ላይ ሶፋ፣ ከሶፋው ቀጥሎ አልጋ፣ ካልጋው ቀጥሎ የሞባይል ካርድ ሻጭ ከነጃንጥላው። ወደ ብስክሌት መንገዱ ስወርድ ሁለት ጎረምሶች ጎን ለጎን እየነዱ ስለ ኳስ ይጨቃጨቃሉ፤ ከኋላቸው አንዷ አራት ባልዲ አንጠልጥላ ትነዳለች፤ ከእሷ ኋላ ሞተሮች መብታቸው የተነካ ይመስል ያጓራሉ። አንዱ ክርኔን ገጭቶኝ አለፈና ዞር ብሎ "ይቅርታ እትዬ" አለኝ፤ ዞር ሲል ደግሞ ሌላ ሊገጭ ለጥቂት ተረፈ። ይቅርታ የሚሉት እንኳን አንገታቸውን አዙረው ነው! ፊት ለፊቱን የሚያይ ሰው በዚህ ከተማ አለ? ሦስት መቶ ፍራንክ ለባለሦስት እግር ከፍዬ ብሄድ ይሻለኝ ነበር። መስቀለኛው ጋ ስደርስ እዚያ ለቆመው ትራፊክ ፖሊስ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ሰውየው በጨዋ ደንብ ሰማኝ። ባርኔጣውን አስተካክሎ "ያሳዝናል እህቴ። የገጫቸው ሰው ምንድን ነው?" አለኝ።

"ሳሞ ነው።"

"እናትዎስ?"

"ሞሲ።"

ፊቱ በራ። "ታዲያ ምን ላድርግልሽ? እኔም ሳሞ ነኝ! ይልቅስ አንቺ ሎሌ፣ ጌታሽን ፀሐይ ላይ አቁመሽ ታስለፈልፊያለሽ? ሂጂ ውኃ አምጪልኝ!" ብሎ ፊሽካውን እስኪጥል ሳቀ። ቆመው የነበሩት ባለ ብስክሌቶችም ሳቁ። ምን ይደረግ፣ እኔም ጥርሴን አሳየሁ። ሳቁ ሲበርድለት ግን "ጅግራ የሚነግድ ፓሬ ከሆነ በዚህ ሰዓት ከመስጊዱ ጀርባ ጥብስ ቤቱ ጋ ታገኚዋለሽ" አለኝ።

አገኘሁት። ሃምሳውን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ጆሮው ሰፊ፣ ኮፍያ ያደረገ ሰው ነው። ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ አስደግፏል፤ ከኋላ መጫኛው ላይ ከታሰረው ትልቅ ቅርጫት ውስጥ ያልተሸጡ ጅግራዎች አንገታቸውን እያወጡ ይንጫጫሉ። ሰውየው ከበላተኞቹ መካከል ተቀምጦ ይጫወታል። ፊቱ ቆምኩ።

"ፓሬ ማለት አንተ ነህ?"

"ጌታዬ በይ እንጂ!" አለኝ፣ ጉንጬን አየት አድርጎ። እኔ ምልክት የለኝም፤ ያነጋገሬ ለዛ ሳይነግረው አልቀረም።

"ከትናንት በስቲያ አንዲት አሮጊት ገጭተሃል።"

"እኔ? ኧረ እሷ ናት የገጨችኝ! መሪዬን አጣማብኝ ሄደች። ሎሌዎቼ መንገድ መሐል መገተር ከጀመሩ እኮ አገሩ ጠፋ!" ጥብስ ቤቱ ሳቀ።

"እጇ አብጧል።"

"ሥራ ፈታ ነዋ! ገንፎ ብቻ ስትሰለቅጥ!"

"እኔ እየቀለድኩ አይደለም" አልኩት።

"ሞሲ ቀልድ የሚጠፋው ሲርበው ነው። እባካችሁ ለዚህች ክንፍ ነገር ስጧት!"

እርር ድብን አልኩ። ጉሮሮዬ ላይ የመጣ ስድብ ነበር፤ የቀልዱን ማለቴ አይደለም፣ የእውነቱን። ብተፋው ኖሮ ያ ሁሉ በላተኛ በአንድ ቃል እኔን ነበር ነውረኛ የሚያደርገኝ። ዋጥኩት። ስውጠው ዓይኔ ብስክሌቱ ላይ አረፈ። አንድ ነገር ትዝ አለኝ፦ ይሄ ዝምድና እሱንም ያስረዋል። እኔ ካልተቆጣሁ እሱም አይቆጣም። ሄጄ መሪውን ያዝኩ። "ልክ ነህ ጌታዬ፣ ሎሌ ነኝ። ሎሌ ደግሞ የጌታዋን ዕቃ ፀሐይ ላይ አትተውም። ቤት ወስጄ ላጥበው" ብዬ ብስክሌቱን ከነቅርጫቱ ገፋሁት። ጥብስ ቤቱ ጠረጴዛ እየደበደበ ሳቀ። ፓሬም ሳቀ፤ ሳይስቅ ምን ያድርግ?

"ተይ እንጂ፣ ተይ!" እያለ ተነሳ።

"ምነው? ተቆጣህ እንዴ?"

"እኔ? ኧረ እኔ አልተቆጣሁም!" አለ፣ ላቡን እየጠረገ። ካገኘሁት ወዲህ ያኔ ገና ደስ አለኝ።

ደስታው አልቆየም። ብስክሌት ገፍቶ በዚህ ከተማ ማለፍ ማለት ሌላ መከራ ነው። በብስክሌት መንገዱ ስሄድ ከኋላ የደወል ውርጅብኝ፤ እግረኛው ላይ ስወጣ "አንቺ፣ መንገድሽ በዚያ ነው!" የሚል ስድብ። ደወል ስመታ ማን ቀጥ ይላል? ሁለት ሰዎች ተቃቅፈው መንገዱን ሞልተው ያዘግማሉ፤ ስደውል አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ ዘለሉና ሁለቱም ቅርጫቱ ላይ ወደቁ። ማንጎዋን ጠርዙ ላይ የዘረጋች ሴት "ወይ ንጂው፣ ወይ አሳርፊው" አለችኝ። ጠዋት ባለ ብስክሌትን ሁሉ ስረግም ነበር፤ አሁን ደግሞ በእግሩ የሚሄደውንም ሁሉ ረገምኩት። ጅግራዎቹ በበኩላቸው ጆሮዬን በጠሱት። ከኋላዬ ፓሬ በእግሩ ይከተላል። አንድ ሞተር ትከሻውን ታክኮት ሲያልፍ በገዛ ቋንቋው ረጅም እርግማን ሲያወርድ ሰማሁት፣ እሰይ አልኩ በሆዴ።

ግቢ ስንደርስ እናቴ የቅቤ ገበታዋ ፊት ተቀምጣለች። ማንም ሳያያት በግራ እጇ ልትመታ ስትሞክር ነበር። ሊጡ አልነጣም፤ እንደ ጭቃ ቡናማ ሆኖ ተኝቷል። በመላ ሕይወቷ የእሷ ቅቤ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ ተገልጦ ተቀምጧል። ፓሬን ስታይ ግን ፊቷ ፈካ። "መጣ ውሻ በላው! በል ንገረኝ፣ ለካ እግርም አለህ!" አለችው።

ፓሬ አፉን ከፈተ። "አንቺ ሎ..." ብሎ ጀመረና ዓይኑ እጇ ላይ ወደቀ። ከዚያ ኮፍያውን አወለቀ፣ ፊቷ ቁጢጥ አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ "እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንዲህ መሆንዎን አላወቅኩም። ጥፋቱ የኔ ነው" አለ።

ይሄን ነበር ከጠዋት ጀምሮ የፈለግኩት። ቃሉ ሳይዛነፍ። እናቴ ግን አመድ መሰለች። ሰውየውን አየችው፣ እኔን አየችኝ። "ቴምፖኮ" ብላ በስሜ ጠራችኝ፣ ድምፅዋ ጠፍቶ፣ "ምን ነግረሽው ነው? ልሞት ነው እንዴ? ሳሞ እንዲህ የሚለማመጠኝ ምን ሆኜ ነው?" ከዚያ አለቀሰች። ስትወድቅ ያላለቀሰች፣ ሁለት ሌሊት እጇን ታቅፋ ያላለቀሰች ሴት፣ አሁን ይቅርታ ስለተጠየቀች አለቀሰች። "በቃ ተዉኝ፣ ሐኪም ቤትም አልሄድ፣ እዚሁ ልሙት። እጁ ከሄደ፣ ቀልዱም ከሄደ፣ እኔ ምን ቀረኝ?" መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ልጠግን ብዬ ሄጄ፣ ያልተሰበረ አንድ ነገር ቢኖራት እሱን ሰብሬባት መጣሁ።

ፓሬ ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ኮፍያውን መልሶ ደፋ፣ ወገቡን ያዘ። "አንቺ!" አላት፣ ድምፁ እየሰለለ። "ማን ፈቅዶልሽ ነው?"

እናቴ በእንባ መሐል "ምኑን?" አለች።

"እጄን የሰበርሽው ማን ፈቅዶልሽ ነው? የሎሌ እጅ የማን ነው? የጌታው አይደለም? እኔ ቅቤ ይመታልኛል ብዬ ያስቀመጥኩትን እጅ ሄደሽ መሬት ላይ ትጥይዋለሽ? ተነሺ! ንብረቴን ላስጠግን ነው!"

እናቴ አፍንጫዋን በግራ እጇ ጀርባ ጠረገች። ከንፈሯ ጠርዝ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። "ውሻ በላ" አለች ቀስ ብላ። "የኔ እጅ ካንተ ከነብስክሌትህ ይበልጣል።"

"ይበልጥ እንደሆነ ሐኪሙ ይፈርደናል!"

"ይፍረደና! ትዋረዳለህ!" አለችና ተነሳች። "አንቺ ደግሞ ምን ትገተሪያለሽ? ጥሩውን ሽርጤን አምጪልኝ" አለችኝ። ስለምናት ያልሰማችኝ ሴት! ሮጬ አመጣሁላት።

ቅርጫቱን ፈታን፣ ጅግራዎቹ ለምራታችን ተተዉ፣ እናቴ መጫኛው ላይ ትራስ ተደርጎላት ተቀመጠች። ፓሬ መሪውን ይዞ ይገፋል፤ እኔ ፊት ፊት እየሄድኩ "ዞር በሉ! ቀጥ በሉ!" እያልኩ እጮሃለሁ። ጤና ጣቢያው ውስጥ ነርሷ "ምን ሆነው ነው?" ስትል እናቴ "ወድቄ ነው" ልትል አፏን አሞጠሞጠች፤ ፓሬ ቀድሟት "እኔ ገጭቻት ነው፣ ሰላምታ እየመለስኩ" አለ። ነርሷ አጥንቱን ስትነካ እናቴ ጩኸቷን ለቀቀችው፣ ያ የታመቀ ጩኸት ሁሉ ወጣ፤ በግራ እጇ የፓሬን ጆሮ ጨምድዳ ይዛ ነው የጮኸችው። እሱ ጆሮውን አላስለቀቀም። ነርሷ ተሰንጥቋል አለች፤ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ተጣሞ ይገጥም ነበር፣ አሁን ግን ይድናል፣ ቅቤም ይመታል አለች። እጇን ከነአንጓዋ በጀሶ ጠቀለለችው።

ስንመለስ መንገዱ ያው ነው። ገና ጥቂት እንደሄድን አንድ ሞተር በብስክሌት መንገዱ ላይ ከኋላችን ጡሩንባውን አምባረቀብን። ዞሬ ልሞልጨው አፌን ስከፍት ራስማኔ ሆኖ ተገኘ። እናቱን አየ፣ ጀሶውን አየ። ሞተሩን አጠፋና ወርዶ እየገፋ ከኋላችን ተከተለ።

ከሶፋ ሻጮቹ አጠገብ፣ እናቴ የወደቀችበት ቦታ ላይ ስንደርስ፣ ከማዶ አንድ የገለባ ባርኔጣ ያደረገ ሰው "ፓሬ! ፓሬ ሆይ! እንደምን ዋልክ?" ብሎ ተጣራ። የፓሬ አንገት ሊዞር ሲጀምር አየሁት። እናቴ በጀሶው ጫፍ ጀርባውን ጎሸም አደረገችው። አንገቱ ተመለሰ። ሰውየው "ቤቱ እንዴት ነው? ልጆቹስ?" አለ። ፓሬ ዝም። በእኛ ከተማ ሰላምታ ሳይመልስ ያለፈ ሰው ወይ አብዷል ወይ ጠላት ሆኗል፤ ሰውየው ማዶ ላይ አፉን ከፍቶ ቆሟል። የፓሬ ጆሮ ከሐፍረት ቀልቷል፣ ጥርሱን ነክሷል፣ ዓይኑ ግን ፊት ለፊት ከሚሄዱት እግረኞች ላይ አልተነሳም። እኔ ያንን ዝምታ ይቅርታ ብዬ ተቀበልኩት።

እናቴ ግን ሰላምታ መሬት ሲወድቅ የምታይ ሰው አይደለችም። መጫኛው ላይ እንደተቀመጠች ዘወር አለች፣ ጀሶ ያደረገውን እጇን ከፍ አደረገች።

"ቤቱ ደህና ነው!" ብላ ጮኸች። "ልጆቹም ደህና ናቸው! ሥራውም ደህና ነው! አትቀየመው፣ እየነዳ ነው!"